በአዮን የተመታ ፕላስቲክ ምን ይጎድለዋል?

ፕላስቲክ አይለወጥም ብለን ነው ያደግነው። ፌስታል ተቀብሮ ከርሞ ቢወጣ ያው ፌስታል ነው፤ ሃይላንዱም ቦይ ውስጥ ወድቆ ክረምቱን ካሳለፈ በኋላ ታጥቦ ዘይት ይቀዳበታል። ይህ እምነት ለዕለት ኑሯችን ይበቃል። ነገር ግን ያንኑ ፕላስቲክ በስሱ ዘርግተው፣ አየር ተመጥጦ ከወጣለት ክፍል አስገብተው፣ በከፍተኛ ፍጥነት በሚወረወሩ አዮኖች ቢደበድቡት በአጭር ጊዜ ውስጥ ሌላ ነገር ይሆናል። የሚለወጠው መልኩ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የተሠራባቸው ንጥረ ነገሮች መጠን ራሱ ይቀየራል።

«የጋዜጠኝነት ተማሪን ከአዮን ጋር ምን አገናኛት?» የምትሉ አትጠፉም። የዶርም ጓደኛዬ የሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ናት። ለሴሚናር የደረሳት ርዕስ ይህ ሆነና ማታ ማታ አልጋዋ ላይ ግራፍ ዘርግታ ስታጉረመርም እኔም ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። ከዚያ ጥያቄ አበዛሁባት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠየቅኳት፤ ያመጣቻቸውን ጽሑፎችም አብረን አነበብን። አንድ ቀን ታዲያ ሰልችቷት ነው መሰል «እናንተ ጋዜጠኞች እኮ ‹ተለወጠ› ካላችሁ በቃችሁ፤ ከስንት ወደ ስንት እንደሆነና ማን በምን እንደለካው አትጠይቁም» አለችኝ። ነገሩ ስለከነከነኝ ይህን ጽሑፍ በዚያው መንገድ ልሄድበት ወሰንኩ።

እስቲ በመጀመሪያ በቃላቱ እንግባባ። «ፊልም» ስል የሲኒማውን ማለቴ አይደለም፤ ከጸጉር ዘለላ የሚቀጥን የፕላስቲክ ሽፋን ማለቴ ነው። ፖሊመር የሚባለው ደግሞ ተመሳሳይ የሆኑ ትናንሽ ክፍሎች እንደ መቁጠሪያ ፍሬ እየተያያዙ የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ለምሳሌ እንዲሆነን አንዱን ፕላስቲክ፣ ፔት የሚባለውን፣ ይዘን እንሂድ። የሃይላንድ ጠርሙስ የሚሠራው ከእሱ ነው። ድሮ የሬዲዮ ጋዜጠኞች ቃለ መጠይቅ ይቀዱበት የነበረው የካሴት ክርም ቢሆን ቡናማው የማግኔት ቀለም የተቀባው በፔት ላይ ነው። የፔት አንዷ የመቁጠሪያ ፍሬ 10 የካርቦን፣ 8 የሃይድሮጅንና 4 የኦክስጅን አቶሞች አሏት፤ በድምሩ 22 መሆኑ ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንፈልጋታለን።

አዮን ማለት ኤሌክትሮን የጎደለው ወይም የተረፈው አቶም ነው። ቻርጅ ስላለው በኤሌክትሪክ ኃይል ሊጎተትና ሊፈጥን ይችላል። አክስለሬተር የሚባለው መሣሪያ ሥራውም ይኸው ነው። በዚህ ዓይነት ምርምር ውስጥ የተለመደው ሂሊየም ሲሆን ጉልበቱ ብዙ ጊዜ 2 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ነው። ይህ ቁጥር ምን ያህል ግዙፍ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ነገር ማነጻጸር ይበቃል። ሁለት ካርቦኖችን የያዘ አንድ ተራ ትስስር ለመበጠስ 4 ኤሌክትሮን ቮልት እንኳ አይፈጅም። አንዲት አዮን ፕላስቲኩ ውስጥ ገብታ እስክትቆም ድረስ በመንገዷ ላይ ትስስሮችን በብዙ ሺዎች ብትበጥስ እንግዲህ አይገርምም።

እኔ መጀመሪያ የጠየቅኩት ማንም ሰው የሚጠይቀውን ነው። «አዮኖቹ ገብተው ከፕላስቲኩ ጋር ይቀላቀላሉ፤ ስብጥሩ የሚለወጠው በዚህ ነው ማለት ነው?» ጓደኛዬ መልስ ሳትሰጠኝ እርሳስ አነሳች። ውፍረቱ 10 ማይክሮሜትር የሆነ የፔት ፊልም በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ስፋቱ ውስጥ ያሉት አቶሞች ሲሰሉ 1 ብሎ 20 ዜሮ ያህል ይሆናሉ። በዚያችው ስፋት ላይ 100 ትሪሊዮን አዮን ብናወርድ ደግሞ ይህ 1 ብሎ 14 ዜሮ ነው። ሲካፈል የገባው ከነባሩ ከሚሊዮን አንድ ብቻ ሆነ። በአንድ ኩንታል ጤፍ ላይ አንድ ቁንጥር እንኳ የማይሞላ ጨው እንደ መጨመር ነው። ታዲያ ከሚሊዮን አንድ ገብቶ ፕላስቲኩን እንዲህ የሚለውጠው ከሆነ ምስጢሩ በገባው በኩል ሊሆን አይችልም። የወጣውን ነው ማየት ያለብን።

የሚወጣው ጋዝ ነው። ትስስሩ ሲበጠስ ከሰንሰለቱ የተገነጠሉ ትናንሽ ቁርጥራጮች እርስ በርሳቸው ተጣምረው ሃይድሮጅን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የመሳሰሉትን ይሠራሉ። ትናንሾችና ቀላሎች በመሆናቸው በፕላስቲኩ ውስጥ ሾልከው ይወጣሉ። ክፍሉ አየር አልባ ስለሆነም የወጣው በፓምፕ ተስቦ ይሄዳል እንጂ ተመልሶ አይገባም። በክፍሉ ውስጥ የቀሩ ጋዞችን በክብደታቸው የሚለይ መሣሪያ ከተገጠመ አዮኑ ሲበራ የጋዞቹ መጠን ከፍ ሲል፣ ሲጠፋ ዝቅ ሲል በግልጽ ይታያል። ፔት ላይ ቶሎ የሚጎዳው ኦክስጅን ያለበት የሰንሰለቱ ክፍል ነው። ስድስት ካርቦኖች ክብ ሠርተው የተያያዙበት ቀለበት ግን ጠንካራ ነው፤ ብዙ ይቋቋማል።

ከሰል ሲከሰል ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። እንጨቱ ተከምሮ አፈር ለብሶ ሲጨስ ይሰነብታል። የሚወጣው ውኃውና ጋዙ ነው፤ የሚቀረው ደግሞ ካርቦኑ። ቅርጹ የእንጨት ሆኖ ይዘቱ ግን ከሰል ነው። በአዮን የተመታው ፕላስቲክም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ እሳት አለመኖሩ ነው። ፊልሙ ሳይነድና ሳይቀልጥ እዚያው በተዘረጋበት ይከስላል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እዚህ ላይ መቶኛ ለምንወድ ለእኛ የተዘጋጀች አንዲት ወጥመድ አለች። ያቺን 22 አቶሞች ያሏትን ፍሬ አስታውሱ። ከእሷ አንድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ብቻ ወጣ እንበል፤ ማለትም 1 ካርቦንና 2 ኦክስጅን። የቀሩት 9 ካርቦን፣ 8 ሃይድሮጅንና 2 ኦክስጅን ናቸው፤ ድምሩ 19። አሁን ድርሻቸውን እናውጣ። ኦክስጅን ከመቶ 18.2 ወደ 10.5 ወረደ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ካርቦን ግን ከመቶ 45.5 ወደ 47.4 ወጣ። ልብ በሉ፤ ካርቦን በቁጥር ቀንሷል፣ በድርሻ ግን ጨምሯል! ሃይድሮጅንም ቢሆን አንዲት አቶም ሳትጨመርለት ከመቶ 36.4 ወደ 42.1 ከፍ አለ። «ሃይድሮጅን ጨመረ» ብሎ የጻፈ ዘጋቢ ቁጥሩን አልዋሸም፤ አንባቢውን ግን አሳስቷል። በተግባር ሃይድሮጅንም ራሱ አብሮ ስለሚወጣ የኋላ ኋላ የሚገነው ካርቦን ብቻ ነው።

ሌሎች ፕላስቲኮችም እንደየተፈጥሯቸው የሚያጡት ይለያያል። ፌስታልና ጀሪካን የሚሠሩበት ፖሊኢትሊን ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ ስለሆነ በዋናነት የሚያጣው ሃይድሮጅኑን ነው። የውኃ ቱቦ የሚሠራበት ፒቪሲ ክሎሪኑን ከሃይድሮጅን ጋር አጣምሮ ይለቃል። ቴፍሎን ደግሞ ፍሎሪኑን።

አሁን ወደ መጠኑ እንምጣ፤ ምክንያቱም ሁሉም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። አንዲት ከባድ አዮን ፕላስቲክ ውስጥ ስታልፍ ዙሪያዋን የምትጎዳው ቦታ ስፋቱ ወደ 10 ናኖሜትር የሚጠጋ ቀጭን መንገድ ነው። የዚህ መንገድ ስፋት ሲሰላ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 1 ትሪሊዮን ያህል አዮን ቢወርድ መንገዶቹ እርስ በርስ መደራረብ ይጀምራሉ፤ ያልተነካ ቦታ እያለቀ ይሄዳል። ከዚያ በታች ከሆነ እያንዳንዱ መንገድ ለብቻው ነው፤ በመካከላቸው ያለው ፕላስቲክም ደህና ነው። ያው ፕላስቲክ፣ ያው ጨረር፣ በቁጥሩ ማነስና መብዛት ብቻ ወንፊት ወይም ጥላሸት ይሆናል።

ወንፊት ያልኩት ለማጣፈጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ፣ ኒውዮርክ ግዛት፣ ስኬኔክታዲ በሚገኘው የጀነራል ኤሌክትሪክ ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ፍላይሸር፣ ፕራይስና ዎከር የተባሉ ሦስት ሳይንቲስቶች አዮን ያለፈበትን መንገድ በኬሚካል አጥቦ ወደ ቀዳዳነት መለወጥ እንደሚቻል አሳዩ። መንገዱ ላይ ያለው ሰንሰለት ተበጣጥሷል፣ ስብጥሩም ተቃውሷል፤ ስለዚህ ለኮስቲክ ሶዳ ከጤናማው ፕላስቲክ ቀድሞ ይሸነፋል። ፊልሙን ሞቅ ባለ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ሲዘፈዝፉት እያንዳንዱ የአዮን መንገድ ክብ ቀዳዳ ሆኖ ይወጣል። የቀዳዳው ስፋት የሚወሰነው በዝፍዘፋው ጊዜ ሲሆን ብዛቱ ደግሞ በአዮኖቹ ቁጥር ነው። ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች መካከል ተለቅ የሚሉትን የካንሰር ሕዋሳት ከደም ለይተው ለማጥለል የፈለጉ ሐኪሞች ነበሩ። ዛሬም ሩሲያ ውስጥ ዱብና በሚገኘው የኑክሌር ምርምር ተቋም እንዲህ ያለ ማጣሪያ በአክስለሬተር ይሠራል።

ይህን ሳነብ ነው እኔ ቀጥ ብዬ የተቀመጥኩት። ያደግሁት መካከለኛው አዋሽ ነው። የኛ ሰፈር ልጆች ቦይ ውስጥ እየዋኙ ነው የሚያድጉት፤ የሽንት ቧንቧ ቢልሃርዝያ ደግሞ የሚገኘው እዚያው ውኃ ውስጥ ነው። ታናሽ ወንድሜ የ9 ዓመት ልጅ ሳለ ሽንቱ ደም መቀላቀል ጀመረ። ለምርመራ የመጡት የጤና ባለሙያ ከሽንቱ 10 ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ ሳቡና ጫፉ ላይ ከተገጠመች አንዲት ትንሽ ክብ ነገር አሳልፈው ገፉት። ከዚያ ክቧን ነገር በወረንጦ አንስተው ማይክሮስኮፕ ሥር አደረጓት። ለስላሳና የምታብረቀርቅ፣ የሽመና መልክ የሌላት ስስ ፕላስቲክ ነበረች። እናቴ «ልጄ፣ ይቺ ወረቀት ደግሞ ምን ታውቃለች?» አለቻቸው። እሳቸውም «እማማ፣ እሷ እንቁላሉን ትይዛለች፤ ሌላውን ታሳልፋለች» አሏት። ወንድሜ መድኃኒቱን ወስዶ ዳነ።

ለዚህ ሥራ የሚውለው ማጣሪያ ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ የቀዳዳው ስፋት 12 ማይክሮሜትር፣ ብዛቱም በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 100 ሺህ ገደማ። የቢልሃርዝያው እንቁላል ርዝመቱ ከ100 ማይክሮሜትር ስለሚበልጥ ማለፊያ የለውም። 100 ሺህ ስትሉ ብዙ ይመስላል፤ ከላይ ካነሳነው ከትሪሊዮኑ ጋር ሲተያይ ግን የ10 ሚሊዮን እጥፍ ልዩነት አለው። ቀዳዳዎቹ አልፎ አልፎ ካልሆነ የማይነካኩትም ለዚህ ነው።

ወደ ሌላኛው ጫፍ ስንሄድ፣ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ የሚወርደው አዮን በመቶ ትሪሊዮኖች መቆጠር ሲጀምር፣ ፊልሙ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ በመጨረሻም ጥቁር ይሆናል። ኤሌክትሪክ የማያሳልፈው ፕላስቲክ ማሳለፍ ይጀምራል። ካፕተን በሚባለው፣ ሳተላይት ላይ በሚለጠፈው ወርቃማ ፊልም ላይ ለምሳሌ ኤሌክትሪክ የመከልከል አቅሙ ከቢሊዮን እጥፍ በላይ ሊወርድ ይችላል። የተረፈው ካርቦን እርስ በርሱ ስለሚያያዝ ለኤሌክትሮኖች መተላለፊያ ሆነላቸው ማለት ነው። ምን አለፋችሁ፣ ፕላስቲኩ ስሙ ብቻ ነው የቀረው።

አንድ ተጨማሪ ነገር፤ ከክፍሉ ሲወጣም ለውጡ አያበቃም። ፊልሙ ውስጥ ተበጥሰው አጣማሪ ያላገኙ ትስስሮች ይቀራሉ። አየር ሲያገኛቸው ኦክስጅን ይዘው ይቀመጣሉ። ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ የቀነሰው ኦክስጅን ውጭ ሰነባብቶ ሲለካ መልሶ ጨምሮ ሊገኝ ይችላል። «መቼ ተለካ?» የሚለው ጥያቄ እንግዲህ እንደ «ስንት ተገኘ?» ሁሉ ዋጋ አለው።

ከሁሉም በላይ እኔን ያስደነቀኝ የሚለካበት መንገድ ነው። ለመሆኑ በስስ ፊልም ውስጥ ያለ ካርቦንና ኦክስጅን እንዴት ይቆጠራል? በአዮን ነው! ሂሊየም ይወረወርና ከአቶሞቹ ጋር ተጋጭቶ ወደ ኋላ የሚነጥረው ይቆጠራል። ከከባድ አቶም የነጠረው ጉልበቱን ብዙም አያጣም፤ ከቀላል የነጠረው ግን ብዙ ያጣል። ከጉልበቱ ተነስቶ ማንን እንደመታ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1967 ጨረቃ ላይ ያረፈችው ሰርቬየር 5 የጨረቃን አፈር ስብጥር የመረመረችው በዚሁ ዘዴ ነበር። ሃይድሮጅን ላይ ግን ይህ አይሠራም። ብይ የተጫወተ ያውቀዋል፤ ትልቁ ብይ ትንሿን ፊት ለፊት ሲመታ ወደ ኋላ አይነጥርም፣ ትንሿን አስፈንጥሮ ወደፊት ይቀጥላል። ሂሊየም ከሃይድሮጅን አራት እጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ ሃይድሮጅንን ለመቁጠር ፊልሙ በአግድም ይመታና ወደፊት የሚፈናጠረው ሃይድሮጅን ራሱ ይያዛል።

እንግዲህ ችግሩ ገባችሁ? ሃይድሮጅንን የሚቆጥረው ጨረር ሃይድሮጅንን የሚያስወጣው ጨረር ነው። እየቆጠሩት ያልቃል። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የኛ ሙያ ነው፤ መቅጃው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሰውየው አነጋገር ይለወጣል። የኛ ነገር ግን ልኬት የለውም፤ መቅጃው ከመቀመጡ በፊት ምን ይል እንደነበር አስልቶ የሚነግረን የለም። እነሱ መላ አላቸው። ቆጠራውን በአንድ ጊዜ አጠቃለው አይወስዱትም፤ በየጥቂቱ ይከፋፍሉታል። ይህን ያህል አዮን ሲወርድ ይህን ያህል ሃይድሮጅን፣ ሌላ ሲጨመር ይህን ያህል እያሉ ግራፍ ላይ ነጥብ ያስቀምጣሉ። ነጥቦቹ መጀመሪያ በፍጥነት ይወርዳሉ፣ ከዚያ እየቀነሰ የሚሄድ ቁልቁለት ይሠራሉ። መስመሩን ወደ ኋላ፣ አንዲትም አዮን ወዳልወረደችበት ወደ ዜሮ ይስቡታል። እዚያ የሚያርፈው ቁጥር የፊልሙ የመጀመሪያ ሃይድሮጅን ነው።

«እንዴ! ዜሮው ላይ እኮ ማንም አልለካም» አልኳት።

«አልለካም፤ ሊለካም አይችልም።»

«ስለዚህ የተጻፈው ቁጥር ማንም ያላየው ነው?»

«አዎ። ግን ከታዩት ሁሉ ይልቅ ለእውነቱ የሚቀርበው እሱ ነው። አንቺ ብትሆኚ የትኛውን ትጽፊያለሽ?»

መልሴ ሁለቱንም የሚል ነበር፤ የተሰላውንም፣ የተለካውንም፣ በመካከላቸው ያለውንም መንገድ። እሷ ግን ሰንጠረዥ ውስጥ ለዚያ ሁሉ ቦታ የለም ባይ ናት፤ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ጉዳቱን ለመቀነስም የተለመዱ ዘዴዎች አሉ። ጨረሩን በአንድ ቦታ ላይ ከማቆየት እያዘዋወሩ በአዲስ ቦታ መለካት፣ ጨረሩን ማሳነስ፣ ፊልሙን ማቀዝቀዝ፣ ብዙ አዮን የሚይዝ ሰፊ መቁጠሪያ መጠቀም። የትኛውም ቢሆን ግን ጉዳቱን ዜሮ አያደርገውም። ለዚህ ነው የወረደው አዮን ብዛት በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ስንት እንደሆነ አብሮ መጻፍ ያለበት። የጨረሩን ጅረትና ደቂቃውን ብቻ መጻፍ አይበቃም። ለምሳሌ «በ10 ናኖአምፔር ለ100 ሴኮንድ ተመታ» የሚል ዓረፍተ ነገር ብናገኝ፣ እያንዳንዱ አዮን አንድ ቻርጅ ከያዘ፣ የወረደው ወደ 6 ትሪሊዮን አዮን ነው። ይህ የወረደው 1 ካሬ ሴንቲሜትር ላይ ከሆነ ያው 6 ትሪሊዮን ነው፤ ፊልሙ ገና ቀለሙን ብዙም አልቀየረም ይሆናል። የወረደው 1 ካሬ ሚሊ ሜትር በምታህል ነጥብ ላይ ከሆነ ግን መቶ እጥፍ ሆነ፤ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ከ600 ትሪሊዮን በላይ። ይህኛው ወደ ጥቁሩ ጫፍ እየሄደ ነው። ዓረፍተ ነገሩ አንድ ነው፣ ፊልሞቹ ግን ሁለት። ጓደኛዬ ለሴሚናሯ በምታዘጋጀው ሰንጠረዥ ላይ «የጨረሩ ስፋት» የሚል ዓምድ ጨምራለች፤ ስፋቱ ያልተጻፈበት ውጤት ካጋጠማት ዓምዱን ባዶ ትተወዋለች፣ ረድፉንም ከሌሎቹ ጋር አታወዳድረውም።